በሩን የያዘው ማን ነው? የኃይሌ ገሪማ የፊልም ጉዞና የአዳራሽ ጥያቄ

ባለቅኔ ቅኔውን ሊያሰማ ሲነሣ ከአንደበቱና ከሚያዳምጠው ጆሮ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም። አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞራል። ሠዓሊ ሸራውን ጠቅልሎ በብብቱ ይሸጉጣል። የፊልም ሰው ዕድል ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፊልሙን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሥራው ገና በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ዕቃ ነው። ጨለማ አዳራሽ፣ ነጭ መጋረጃ፣ የማሳያ መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቲኬት ቆርጦ የሚገባ ተመልካች ካልተገኘለት ነፍስ አይዘራም። ስለዚህ የፊልምን ታሪክ የሚመረምር ሰው «ፊልሙን ማን ሠራው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «የአዳራሹንስ በር ይዞ የነበረው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የነጋዴ ጥያቄ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን የባህል ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የአዳራሹን በር የያዘ ሰው፣ ሕዝቡ የማንን ፊት እንደሚያይ፣ የማንን ቋንቋ እንደሚሰማ፣ በማን ድል እንደሚደሰት ይወስናል። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ወይም በወላይታ ሶዶ የሚያድግ ልጅ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ለየትኛው ጀግና እንደሚያጨበጭብ አስቀድሞ የሚመርጥለት ይኸው ሰው ነው።

የዚህን ጉዳይ ክብደት በሕይወቱና በሥራው ከፈተኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ኃይሌ ገሪማ ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛል። ኃይሌ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ፕሮዲዩሰርና አርታዒ ነው። ከዚህም አልፎ የገዛ ፊልሙ አከፋፋይና የአዳራሽ ተከራይ ለመሆን ተገዷል። የእርሱን ጉዞ በሚገባ ለመረዳት ግን አስቀድሞ በዓለም የፊልም ታሪክ ውስጥ ሠሪነትና በር ያዥነት እንዴት እንደተጋጠሙ፣ በኢትዮጵያም ነገሩ ምን መልክ እንደነበረው መመልከት ያስፈልጋል።

ከአዳራሽ ተነሥተው ወደ ፊልም የሄዱ

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለከፋይ ተመልካች ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነበር። የዐድዋ ጦርነት ሊካሄድ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ አዲሱ ነገር አሜሪካ ውስጥ የድኻው መዝናኛ ሆነ። በየመንገዱ ዳር በተከፈቱ ጠባብ ክፍሎች አምስት ሳንቲም የከፈለ ሁሉ እየገባ ያይ ጀመር።

የእነዚህን ክፍሎች ትርፍ ቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች መካከል የሦስቱ ስም ጎልቶ ይጠራል። አዶልፍ ዙከር በወጣትነቱ ከሀንጋሪ ተሰድዶ የገባ፣ በጸጉራም ቆዳ ንግድ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ማርከስ ሎው በኒው ዮርክ ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ ነው። ዊልያም ፎክስም ገና በሕፃንነቱ ከሀንጋሪ ወደ ኒው ዮርክ የመጣ፣ በልብስ ሥራ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ነበር። ሦስቱም ሥራቸውን የጀመሩት ከበሩ ነው። አዳራሽ ከፈቱ፤ አዳራሹ ትርፍ ባመጣ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ጨመሩ። አዳራሾቹ ሲበዙ ደግሞ የሚታይበት ፊልም እንዳያልቅ ሠጉ። ይህን ሥጋት ለማስወገድ ሲሉም ፊልም ወደ መሥራት ተሻገሩ። የዙከር ድርጅት ፓራማውንት ሆነ። የሎው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1924 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለውን ስቱዲዮ አቋቋመ። የፎክስ ስም እስከ ዘመናችን በፊልም መጋረጃ ላይ ሲነበብ ኖሯል።

ኃይላቸው የተመሠረተው ሥራውንና በሩን በአንድ እጅ በመያዛቸው ነበር። የሠሩት ፊልም መልካምም ይሁን መናኛ የሚታይበት አዳራሽ አያጣም። የራሳቸው ያልሆነ ባለአዳራሽ ተወዳጅ የሆነውን አንድ ፊልም ሲፈልግ፣ የማይፈልጋቸውን ብዙ ፊልሞች በጅምላ አብሮ እንዲከራይ ይገደድ ነበር። ኃይሉ ግን አደጋም ነበረው። ዊልያም ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቀናቃኙን የሎውን ኩባንያ አክሲዮን ለመጠቅለል በብድር ገንዘብ ሲሯሯጥ በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ገበያ ተንኮታኮተ። ፎክስም በማግሥቱ ዓመት የገዛ ድርጅቱን ከእጁ አጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጠው ውሳኔ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሲኒማ ቤቶቻቸውን ከፊልም ሥራቸው እንዲለዩ ተገደዱ። በዚህ ውሳኔ መሠረት የጸናው ደንብ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

በዚያው አገር በሩ ከቶ ያልተከፈተላቸው ደግሞ ነበሩ። ጥቁሩ ደራሲ ኦስካር ሚሾ የመጀመሪያ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣ ጊዜ ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሚያስጠጉት ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ቀደም ሲል የጻፋቸውን መጻሕፍት በእጁ እያዞረ ይሸጥ የነበረ ሰው ነውና ፊልሙንም እንዲሁ አደረገ። ቅጂውን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ጥቁሮች ከሚገቡባቸው ሲኒማ ቤቶች ወደ አንዱ እየሄደ አሳየ። የሚሾ ስም በኋላ ስለ ኃይሌ ገሪማ በምንናገርበት ጊዜ መታሰብ የሚገባው ነው።

አዳራሽ ቀድሞ ፊልም የዘገየበት አገር

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አገራችን የገባው ከተፈለሰፈ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው የሞተ ሰው ሲራመድ፣ ፈረስ ከግድግዳ ላይ ሲጋልብ ባየ ጊዜ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ዛሬም ድረስ በከተማይቱ ታሪክ ውስጥ ይጠራል። ስያሜው የሕዝቡን መደነቅ ያሳያል ተብሎ ሲወሳ ኖሯል። ሆኖም ከመደነቁ ሌላ አንድ እውነት ይዟል፦ ቤቱም መሣሪያውም የሚታየውም ነገር የባዕድ ነበር።

የፋሺስት ጣሊያን ወራሪ በያዛቸው ከተሞች ሲኒማ ቤቶችን አስፋፋ። ያስፋፋው ለወታደሩና ለሰፋሪው መዝናኛ፣ ለገዥነቱም መስበኪያ እንዲሆን ነበር። ከነጻነት በኋላ ቤቶቹ ቀሩ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረውም ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተመረቀ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው እርሱ ነው። በሲኒማ ቤቶቹ መጋረጃ ላይ የሚመላለሱት ግን የአሜሪካ፣ የሕንድና የአውሮፓ ፊልሞች ነበሩ።

ኢትዮጵያዊ ሕይወትን የሚተርክ፣ በአማርኛ የሚናገር ሙሉ ፊልም በመጋረጃ ላይ ለማየት እስከ 1957 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሰኘው ያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ሲሆን አዘጋጁ ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። ሁለተኛው ፊልም «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ብቅ አለ፤ አዘጋጁም ሚሼል ፓፓታኪስ ነው። በመጀመሪያው የፓሪስ ትርዒትና በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም መካከል ሰባ ዓመት ያህል አለፈ። አሜሪካ ውስጥ ባለአዳራሹ ፊልም ወደ መሥራት ለመሻገር ዐሥር ዓመት አልፈጀበትም። በእኛ አገር አዳራሹ ለሁለት ትውልድ ያህል ከውጭ የመጣውን ሲያሳይ ኖረ። ምክንያቱም በሩን የያዘው ሰው ትርፉን የሚያገኘው ተሠርቶ ያለቀውን ፊልም በመከራየት እንጂ አዲስ በማሠራት አልነበረም።

ከጎንደር እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ ደራሲ ሲሆኑ፣ ቴአትር እየደረሱ በገጠር እየተዘዋወሩ ያሳዩም ነበር። ይህ የአባት ሥራ በልጁ ታሪክ ውስጥ ቀላል ስፍራ የሚሰጠው አይደለም። ገሪማ ታፈረ ተመልካቹን ወደ ከተማ አዳራሽ አልጠሩም። መድረኩን ይዘው ተመልካቹ ወዳለበት ሄዱ።

ልጁ ግን በዚያው በጎንደር ሌላ ትምህርት ቤትም ነበረው፤ እርሱም ሲኒማ ቤቱ ነው። ኃይሌ በኋላ ዘመን ደጋግሞ እንደተናገረው፣ እርሱና እኩዮቹ የታርዛንን ፊልም ሲያዩ አፍሪቃውያኑ ከኋላ ተደብቀው ሲመጡ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። እነዚያ ሕፃናት የአርበኛ ልጆች ነበሩ። በቤታቸው የሚሰሙት የጎንደር ጀግኖች በባዕድ ወራሪ ላይ ያደረጉትን ተጋድሎ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ግን ልባቸው ጫካ ውስጥ ካለው ነጭ ጋር ቆመ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የፊልሙ አሠራር ራሱ ዐይናቸውን ይዞ ወደዚያ መራው። በሩን የያዘው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ኃይሌ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያጠና ጀመር። በዚያ ጊዜ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ በርኔትን የመሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ተሰባስበው ነበር። ሆሊውድ ከደጃቸው ነው፤ ነገር ግን የሆሊውድን አተራረክ ላለመቅዳት ተማምለዋል። ኢትዮጵያዊው ተሾመ ገብርኤልም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛውን ዓለም ሲኒማ ንድፈ ሐሳብ በማራመድ ስሙ የሚጠራ ምሁር ለመሆን በቅቷል። የእነዚህ ወጣቶች ስብስብ በኋላ በፊልም ታሪክ ጸሐፍት ዘንድ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን ያነሣው የዘውዱ ሥርዓት በተገረሰሰበት ወቅት ነው። በዕረፍት ጊዜው አገሩ ገብቶ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጸው። ፊልሙ በባላባት መሬት ላይ የሚያርስ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብን ሕይወት ከንጋት እስከ ምሽት ይከተላል። ከበበ የሚባለው፣ ላገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀና እንደ ዕብድ የሚቆጠር ሰው በመጨረሻ ባላባቱን ይገድላል። አተራረኩ ዝግተኛ ነው። በሬዎቹ ዘወር እስኪሉ፣ ሴቲቱ እንስራዋን እስክታዝል ካሜራው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ፊልም በስዊዘርላንድ የሎካርኖ በዓል ተሸልሟል። ከብዙ ዓመታት በኋላም ማርቲን ስኮርሴዚ የመሠረተው የዓለም ሲኒማ ቅርስ ተቋም እንዲታደስ አድርጎታል።

ሆኖም በዚህ ክብር ውስጥ አንድ ምጸት ተሰውሮ ይገኛል። ፊልሙ የገበሬ ነው፤ ገበሬው ግን ራሱን የሚያይበት አዳራሽ በመንደሩ አልነበረውም። ፊልሙ በአውሮፓ በዓላትና በዩኒቨርሲቲዎች ሲመሰገን፣ የተቀረጸበት ሕዝብ ከበሩ በጣም ርቆ ቆሟል።

ሳንኮፋና የተዘጋው በር

ኃይሌ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ እያለ ፊልም መሥራቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ከቬትናም የተመለሰን ጥቁር ወታደር ታሪክ የሚተርከውን ፊልሙን ባወጣበት ጊዜ የራሱን አከፋፋይ ድርጅት አቋቋመ። እውነተኛው ፈተና የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር።

«ሳንኮፋ» በጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመልሰህ ውሰድ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። ፊልሙ ሞና የምትባል የዘመናችን ጥቁር አሜሪካዊት በጋና የባሕር ዳርቻ ባሪያዎች ይጫኑበት በነበረ ምሽግ ውስጥ ሳለች ወደ ባርነት ዘመን ተመልሳ በእርሻ ላይ የምትሠራ ባሪያ ስትሆን ያሳያል። ኃይሌ ከባለቤቱና ከሥራ ባልደረባው ከሺሪኪያና አይና ጋር ለዓመታት ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሮ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ለበርሊን በዓል ውድድር በቃ። ከበርሊን ሲመለስ ግን በአሜሪካ ፊልሙን ወስዶ የሚያከፋፍል ድርጅት አልተገኘም።

እዚህ ላይ የነገሩን አሠራር ማስረዳት ያሻል። በተለመደው መንገድ አከፋፋዩ የፊልሙን መብት ይወስዳል፤ ቅጂ ያባዛል፤ ማስታወቂያ ያስነግራል፤ ከሲኒማ ቤቱ ጋር የቲኬቱን ገቢ ይካፈላል። ለፊልም ሠሪው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ሌላው መንገድ ፊልም ሠሪው ራሱ አዳራሹን በቁርጥ ኪራይ ለሳምንታት መያዝ ነው። ኪራዩን አስቀድሞ ይከፍላል። አዳራሹ ቢሞላ ገቢው ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው፤ ባዶ ቢቀር ዕዳው የእርሱ ነው። ሲኒማ ቤቱ በሁለቱም መንገድ አይከስርም።

ኃይሌና ሺሪኪያና ይህን ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። በዋሽንግተን አዳራሽ ተከራዩ፤ ጥቁሩን ማኅበረሰብ ጠሩ። ሕዝቡም መጣ። ያየው ላላየው እየነገረ አዳራሹ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ከከተማ ወደ ከተማ ተጓዘ። በየደረሰበት የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው አዳራሽ በመፈለግ፣ ወሬ በመንዛት፣ ቲኬት በመሸጥ ተካፈሉ። በዚህ ዐይነት «ሳንኮፋ» ከ30 በላይ በሆኑ ከተሞች ሙሉ አዳራሽ አገኘ። ነጋዴዎቹ ተመልካች የለውም ያሉት ፊልም ተመልካቹ በበሩ ላይ ተሰልፎ ታየ። ኦስካር ሚሾ ከሰባ ዓመት በላይ በፊት ቅጂውን ይዞ የዞረበትን መንገድ ኃይሌ እንደገና ዞረው። ከሚሾም ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በገጠር እየዞሩ ቴአትር ያሳዩት ገሪማ ታፈረ ናቸው።

ከፊልሙ ገቢ ጋር የተያያዘ ሌላ ፍሬም አለ። ኃይሌና ሺሪኪያና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ በፊልሙ ስም የተጠራ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ቡና እየተጠጣ መጻሕፍት የሚነበቡበት፣ ፊልም የሚታይበት፣ ደራሲያን ከአንባቢ የሚገናኙበት ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢው ዋጋ ንሮ የንብረት ግብሩ ቤቱን ሊያዘጋው በደረሰ ጊዜ ደንበኞቹና ጎረቤቶቹ አቤት ብለው የከተማይቱ ምክር ቤት የግብር እፎይታ ፈቀደለት። ትንሽ ብትሆንም የራስ የሆነች በር ሕዝብ ሲቆምላት እንዴት እንደምትጸና ይህ ያሳያል።

የበር ጠባቂነት ዋጋ

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ እንደ ድል ብቻ አድርጎ መተረክ ሙሉውን እውነት መናገር አይሆንም። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። የሚቀጥለው ታላቅ ልብ ወለድ ፊልም «ጤዛ» እስኪወጣ ድረስ 15 ዓመት አለፈ። በመካከሉ ኃይሌ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርቷል። ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዐድዋ ፊልሙ ይገኛል። ይሁንና በጉልምስናው ብርታት ላይ የነበረ አዘጋጅ ለሁለት ልብ ወለድ ፊልሞች መካከል ያን ያህል ዘመን ሲያልፍበት፣ የአንዱ ፊልም ማሳያ ደክሞ የሌላው ገንዘብ ፍለጋ ሲተካ፣ የጠፋው ጊዜ የኪነ ጥበቡ ጊዜ ነው። ዙከርና ሎው ሥራውን ሌላ ሰው ይሠራላቸዋል፤ በሩን ሌላ ሰው ይጠብቅላቸዋል። ኃይሌ ሁለቱንም በገዛ ትከሻው ተሸከመ።

«ጤዛ» የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው። አንበርብር የተባለ በጀርመን የተማረ ሳይንቲስት ለአገሩ ሊሠራ ተመልሶ ከደርግ ዘመን ሽብር ጋር ይጋጠማል። በመጨረሻም አካሉ ተጎድቶ፣ የትዝታው ክር ተበጣጥሶ ወደ እናቱ መንደር ይገባል። ታሪኩ የአንድ ሰው ቢሆንም የአንድ ትውልድ ቁስል ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ተቀበለ። በማግሥቱ ዓመትም በዋጋዱጉ የአፍሪቃ ፊልም በዓል ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት አገኘ።

«ሳንኮፋም» ከ28 ዓመት በኋላ ሌላ በር ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2021 አዘጋጇ አቫ ዱቨርኔይ በመሠረተችው ድርጅት አማካይነት ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ተሠራጨ። በዚያው ዓመትም የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን ሸለመው። በሩ ከአዳራሽ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል፤ ነገር ግን ዛሬም ማን ገብቶ ማን ውጪ እንደሚቀር የሚወስን ሰው ከበሩ ኋላ አለ።

ከአዲስ አበባ ወዲያ

በአገር ቤት ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም በ1990ዎቹ መግቢያ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የቪዲዮ ካሜራ ዋጋ በወረደ ጊዜ ግን የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን ፈላ። ፊልም ሠሪው ከእንግዲህ ያጣው ካሜራ ሳይሆን አዳራሽ ሆነ። በመንግሥት ይዞታ ሥር በነበሩት ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ፊት ወረፋ መጠበቅ የሙያው አንድ ክፍል ሆነ።

በዚህ ጊዜ የግል አዳራሾች ብቅ አሉ። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በቦሌ መንገድ በባለቤቱ ስም በተሰየመው ሕንፃ ዓለም ሲኒማን ከፈተ። በኤድና ሞልም ማቲ ሲኒማ ተከፈተ። ከሁሉ ይልቅ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር የሚቀራረበው ግን የቴዎድሮስ ተሾመ ሥራ ነው። «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን፣ «ቀይ ስህተት»ንና «ሦስት ማዕዘን»ን የሠራው ይህ አዘጋጅና ፕሮዲዩሰር የራሱን ሲኒማ ቤት ሴባስቶፖል ብሎ ሰየመው። ስሙ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረጹትን፣ እስከ መቅደላ ያስጎተቱትን መድፍ ያስታውሳል። የአገር ልጅ ፊልም ሠሪ የሚያሳይበትን ቤት ራሱ መሥራቱ በኢትዮጵያ የሲኒማ ታሪክ ውስጥ አዲስ ምዕራፍ ነው። ዙከር ከአዳራሽ ወደ ፊልም የሄደበትን መንገድ በተቃራኒው ተጉዞታል።

ይህ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ከመዲናይቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወላይታ ሶዶ ትገኛለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት። በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲደርስ አደባባይዋ በዘፈንና በጭፈራ ይሞላል። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ግን የተንቀሳቃሽ ሥዕልን ጣዕም ለብዙኃኑ ያስተማረው ቪዲዮ ቤት ነው። በአግዳሚ ላይ ተጨናንቀው የሚያዩት የሆሊውድ ወይም የሕንድ ፊልም፣ አለዚያም የእንግሊዝ የእግር ኳስ ግጥሚያ ነው።

የወላይታ ሕዝብ በልጁ ፊት የሚቀርበው ቃል የማን እንደሆነ መጠየቅን አሳምሮ ያውቅበታል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በመቀላቀል «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ በመጡ ጊዜ ሕዝቡ ይህ የእኔ አንደበት አይደለም ብሎ ተነሣ። የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙ ሳይቆይም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለመማሪያ መጽሐፍ ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ለልጁ ሁለተኛ መማሪያ የሆነውን መጋረጃ በቸልታ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። የጎንደሩ ሕፃን ታርዛንን ለማዳን እንደጮኸ የሶዶውም ሕፃን ለማን እንደሚጮኽ መጠየቁ ተገቢ ነው።

መልሱ ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። «ሳንኮፋ»ን ከ30 በላይ ከተሞች ያደረሱት የተከራዩ አዳራሾችና የተደራጁ ጎረቤቶች ናቸው። ወላይታ ሶዶ ለጉባኤና ለበዓል የሚያገለግለው የጉታራ አዳራሽ አላት። በየወረዳው የስብሰባ አዳራሽ፣ በየትምህርት ቤቱ ሰፊ ክፍል ይገኛል። መጋረጃና ማሳያ መሣሪያ ዛሬ በአንድ መኪና ይጫናሉ። የባህል ማኅበራትና ቢሮዎች በወር አንድ ምሽት እንኳ እነዚህን በሮች ቢከፍቱ፣ ስለ ጭሰኛው ሕይወት የተሠራው ፊልም የገበሬው ልጅ ዘንድ ይደርሳል። በወላይትኛ ሊሠራ የሚያስብ ወጣትም ከመጀመሩ በፊት የሚያይለት ሰው እንዳለ ያውቃል። እንዲህ ከሆነ ቀጣዩ ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማ በበሩ ላይ ቆሞ ያሳለፋቸውን ዓመታት በካሜራው ኋላ ሊያሳልፋቸው ይችላል።